በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የሚጻፈው «ኤስዲአር 17» ምንድን ነው?

ዋና የፍሳሽ መስመርን በፖሊኢትሊን ቱቦ ስለመቀየር በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመለሳል። ኤስዲአር የቱቦው የውጭ ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቁጥሩ ሲያድግ ግድግዳው ይሳሳል። ብዙዎች ተገላቢጦሹን ይገምታሉ፤ አይፈረድባቸውም።

የውጭ ዲያሜትሩ 630 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቱቦ እንውሰድ። 630 ለ17 ሲካፈል የግድግዳው ውፍረት 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ ለፍሳሹ የሚተርፈው ስፋት 556 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የኮንክሪት ቱቦ ግን በአብዛኛው የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ነው፤ ስለዚህ 600 ኮንክሪትን በዚህ ቱቦ የተካ ሰው «መስመሩን አሰፋሁ» ቢልም አጥብቦታል።

ስሌቱ አያከራክርም። የትኛው ኤስዲአር ይመረጥ የሚለው ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ ቅብሩ ጥልቀትና ከላይ እንደሚያልፈው ተሽከርካሪ ይለያያል። ውጫቸው ሸንተረር ያለው ቱቦዎች ደግሞ በኤስዲአር አይለኩም፤ ለእነርሱ የሚጠየቀው ኤስኤን የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ነው።