«ነርቭ ነው» ይባላል፤ የነርቭ ሕመም ምንድን ነው?

«ልጄ፣ ያችን ቀይዋን የነርቭ መርፌ ስጪኝ።»

ጎንደር ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ እናት ናቸው እንዲህ ያሉት። ባለሙያዋ መርፌውን ከመደርደሪያው አላወረደችም። «እማማ፣ የሚያቃጥልዎ አንዱን እግር ነው ወይስ ሁለቱንም?» አለቻቸው። ስለ ነርቭ ሕመም ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መነሻ እስካሁን አላገኘሁም።

«ነርቭ» በእኛ አነጋገር ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። የተበሳጨውም ነርቭ ነው፣ አንገቱ የያዘውም ነርቭ ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውም ነርቭ ነው። በሕክምና ግን ስሜትን ከቆዳ ወደ አንጎል የሚያደርሰው መስመር ራሱ ሲጎዳ ወይም ሲጫን የሚመጣው ሕመም ነው። ጣትዎን ቢላ ቢቆርጥዎ መስመሩ ደኅና ነው፤ እውነተኛ ወሬ ነው የሚያደርሰው። እዚህ ግን የሚቀባጥረው መስመሩ ነው። ብርድ ልብስ ሲነካው እሳት የሚሆን እግር፣ ጉንዳን የሚርመሰመስበት መዳፍ፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ንዝረት። ዲክሎፌናክና ፓራሲታሞል ብዙ የማይረዱትም ለዚህ ነው። ሐኪም ለድብርት የሚታወቀውን አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ቢያዝልዎ «አእምሮዬን ጠረጠረው» ብለው አይቀየሙ፤ የሚቀባጥረውን መስመር ዝም ለማሰኘት ነው።

ወደ ባለሙያዋ ጥያቄ ልመለስ። ሁለቱም እግር ካልሲ በሚደርስበት ልክ ከጣት ጀምሮ ከደነዘዘ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መላ ሰውነትን የሚነካ ነገር ነው፦ ከሁሉ በፊት ስኳር፣ ከዚያም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ መጠጥ፣ ቢ6ን የሚያሳጣው የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ። አንድ እግር ብቻ ከወገብ ጀምሮ ከሆነ ግን የሚጠረጠረው የተንሸራተተ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ነው። የእጅ አውራ ጣትን ጨምሮ ሦስቱ ጣቶች ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ነርቩ የተጫነው የእጅ አንጓ ላይ ሊሆን ይችላል።

እናትየው «ሁለቱንም» አሉ። የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ስኳሩ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ሜትፎርሚኑ ደግሞ አንጀት ቢ12ን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ስለዚህ ቀይዋ መርፌ፣ ማለትም ቢ12፣ ልትጠቅማቸው ትችላለች፤ ግን ሳይመረመሩ ማን ያውቃል? ባለሙያዋም ደማቸውን እንዲያሳዩ ላከቻቸው።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ ሽሮም ፕሮቲን አለው፤ ቢ12 ግን ሁለቱም ጋ የለም። «እንግዲያው ጾሙ ነው» ለማለት አይቸኩሉ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፤ በፍስክ ወራት ሥጋና ወተት የሚያገኝ ሰው ቶሎ አይጎድለውም። የሚጎድለው ፍስክም ሆነ ጾም ሽሮ ብቻ ለሚበላው፣ ጨጓራው ለተዳከመ አዛውንትና እንደ እናትየው ዓይነት መድኃኒት ለሚወስድ ነው።

እጥረት ሲኖር ቫይታሚን መድኃኒት ነው፤ ከሌለ ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው። ቢ6 ደግሞ ከዚያ ይከፋል። ሰውነት በቀን የሚፈልገው ከ2 ሚሊግራም በታች ነው፤ አንዳንዱ «የነርቭ» እንክብል ግን 100 ወይም 200 ሚሊግራም ይይዛል። ያን ለወራት ያለ ሐኪም የሚውጥ ሰው ሊያድን የፈለገውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገባው አልፋ ሊፖይክ አሲድ የተባለው እንክብል ደግሞ በስኳር ሕመምተኞች ላይ በ600 ሚሊግራም ተሞክሮ ውጤቱ አንዱ ከሌላው የማይስማማ ሆኗል። የማቃጠል ስሜቱን ያቀልል ይሆናል፤ ስኳርን መቆጣጠርን ግን አይተካም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጎንደር ሰው ይጠቅማል። ደንቢያ ላይ ጓያ አዘውትሮ በመብላት የሚመጣው ሽባነት የዚህ ሕመም ዘመድ አይደለም። ጓያ እግርን ያገትራል እንጂ አያደነዝዝም፣ አያቃጥልም፤ ቫይታሚንም አይመልሰውም።

ነርቭ ሲነሳ ካይሮፕራክቲክ የሚባል ሕክምናም ይነሳል፤ ብዙ ሰው «የፈረንጅ ወጌሻ» ይለዋል። በከፊል ልክ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1895፣ በዐድዋ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ጀመረው። ሥራው አከርካሪን በእጅ እያንቀሳቀሱ ማስተካከል ነው። የእኛ ወጌሻ የተሰበረና የወለቀ ይጠግናል፤ ካይሮፕራክተሩ ኮሌጅ ገብቶ ይማራል፣ ዋና ጉዳዩም ወገብና አንገት ነው። ለወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። በስኳር ለደነዘዘ እግር ግን አከርካሪን ማንቋቋት ይፈውሳል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ደግሞ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ይቀድዳል፤ እኔ ብሆን አንገቴን አልሰጥም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚያክሙ ባለሙያዎችን፣ ያሠለጥናል፤ የዲስክ ሕመም ያለበት መጀመሪያ ወደነሱ ቢሄድ ይሻለዋል። አብዛኛው የዲስክ ሕመም በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይበርዳል።

የማይጠብቀው ይህ ነው፦ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ እግር በድንገት ከከዳ፣ ወደ ወጌሻም ወደ ፋርማሲም ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

እግሩ ቀድሞውኑ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ማታ ማታ መርገጫውን በመብራት ይይ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ የገባ ቀን በተለይ፤ ጠጠሩ ሲቆርጠው አይሰማውምና። እግሩን የሚነክርበትን ውኃ ሙቀት በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት።