ቤቲንግ ድሃውን ያነሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁማር ብሩን ከኪስ ወደ ኪስ ያዘዋውራል እንጂ አያጠፋውም።»
ይህ ለእቁብ ይሠራል። እቁብ ላይ የተጣለው ብር ለባለ ዕጣው ይሰጣል፤ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ቤቲንግ ላይ ግን ቤቱ፣ ማለትም አወራራጁ ድርጅት፣ ትርፉን ኦዱ (ግምቱ ከገባ የተያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ውስጥ አስቀድሞ አስገብቶታል። ከብዙ ትንንሽ ኪሶች የወጣው ብር ቤቱና ጥቂት ዕድለኞች ጋር ይከማቻል።

«በ10 ብር ሺዎችን የሚያስገኝ ሌላ ምን አለ?»
እስቲ እናስላው። 10 ጨዋታ የያዘ ትኬት ተቆረጠ እንበል። እያንዳንዱ ግምት የመግባት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ፣ ኦዱ 1.85 ነው። ትክክለኛው ኦድ 2 ነበር። ሁሉም ከገቡ 10 ብሩ 4,700 ብር ገደማ ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ሁሉም የመግባት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው፤ ለዚህ ዕድል የሚገባው ክፍያ 10,240 ብር ነበር። ከግማሽ በላዩን ቤቱ አስቀረው። አንድ ጨዋታ ብቻ ቢያዝ ኖሮ ቤቱ በአማካይ የሚያስቀረው ከ1 ብር 7 ሳንቲም ተኩል ነበር። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር የቤቱ ድርሻ ያብጣል። ረጅሙን ትኬት የሚቆርጠው ደግሞ ማን ነው? ኪሱ ውስጥ 10 ብር ብቻ ያለው ልጅ። በዚያች ብር ትልቅ ገንዘብ የሚያሳየው ሌላ ትኬት የለማ! እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዘጠኙ ገብተው አንዱ ሲበላው ደግሞ «ለጥቂት!» ብሎ በማግስቱ ይመለሳል።

«ኳስ የሚያውቅ አይበላም።»
ኦዱን የሚያወጡትም ኳስ ያውቃሉ።

«ሀብታሙም ይሸነፋል፤ ጉዳቱ እኩል ነው።»
ነጋዴው 1,000 ብር ቢያስበላ እራቱ አይጎድልም። የቀን ሠራተኛው 100 ብር ሲያስበላ የቤት ኪራዩ ይጎድላል። አሜሪካ ውስጥ በሎተሪ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከገቢያቸው ላይ የሚያወጡት ድርሻ እንደሚበልጥ ደጋግመው አሳይተዋል።

«መንግሥት የሚያገኘው ገቢ ተመልሶ ለድሃው ይውላል።»
ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ «ሆፕ» የሚባል የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ትሰጣለች። ዛሬ የሚታየው የተማሪው ውጤት እንጂ የወላጁ ገቢ አይደለም። ጥሩ ውጤት ደግሞ አስጠኚ መቅጠር በሚችል ቤት ይበዛል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ሎተሪ የሚቆርጠው አባት ልጁ ውጤቱ ካልሞላለት፣ የከፈለው ለሌላ ሰው ልጅ ነው።