በባሕር ዳር የቆዩ ብስክሌቶችን ዳግም ለመንገድ ማብቃት

ባሕር ዳር ውስጥ «የድሮ ብስክሌት» ሲባል በአብዛኛው ባለ 28 ቁጥር ጎማ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ክብደቱም የማይናቅ ብስክሌት ማለት ነው። ቅርጹ የተቀዳው ከእንግሊዙ ራሌ ነው፤ የቻይናዎቹ ፍላይንግ ፒጅንና ፎኒክስ፣ የሕንዱ ሂሮም የዚያው ዘር ናቸው። ስለዚህ የአንዱን አፈታት ያወቀ ጠጋኝ ለሌላው አይቸገርም።

ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎቿም ሰፋፊ ስለሆኑ ብስክሌት ይስማማታል። ሐዋሳና መቀሌም በብስክሌት ስማቸው ይነሳል፤ ይሁን እንጂ ባሕር ዳርን የሚያህል አለ ማለት ይከብዳል። ጣሊያን ለሙያው ያወረሰው ቃላቱን ነው፦ ካላማደሪያ (የጎማው የውስጥ ቱቦ)፣ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ኩሽኔታ (በብረት ኳሶች ላይ የሚሽከረከር መያዣ)፣ ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ)፣ ሮንዴላ (ከዳዶ ሥር የሚገባ ቀለበት)፣ ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ)። በኋላ ባጃጅ መጥቶ ብስክሌቱን ወደ ጎዳናው ጠርዝ ገፋው፤ ብዙው የድሮ ብስክሌትም ጓሮ ቆሞ ቀረ።

ቆሞ የኖረ ብስክሌት የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን ግራሶው ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚሆንና ክረምት የገባው ውኃ ብረትን ከብረት ስለሚያጣብቅ ነው። ከዚያ የባሰው ጉዳት የሚደርሰው ግን ሲፈታ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት አካሉ ነው። ከመሪው ቱቦ ተነስቶ የኋላ ጎማው በሚታሰርባቸው ጫፎች ዞሮ የሚመለስ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ይለካል። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አካሉ ተጣሟል። መጋጠሚያዎቹ ሥር በቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ ብየዳ ሳያገኝ ሌላ ወጪ ማውጣት ከንቱ ነው። የዛገ ብሎን ሁሉ ላምባና የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ይቀባና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ሥራው የሚከብደው የፔዳሉ ክንድ ላይ ነው። ክንዱን ከመሐል ዘንጉ ጋር የሚያስረው ሽብልቅ የሆነ ቁራጭ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ዳዶ አለው። ዳዶው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከሽብልቁ ጫፍ እኩል እስኪሆን ብቻ ይላላል። ከዚያ ክንዱ ከሥር በወፍራም የብረት ቱቦ ይደገፋል። ሽብልቁ ቱቦው ቀዳዳ ውስጥ መውረድ እንዲችል ሆኖ፣ በከባድ መዶሻ አንድ ጊዜ በደንብ ይመታል። በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ መቀጥቀጥ ጫፉን እንደ እንጉዳይ ያብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አይወጣም። ድጋፍ ከሌለው ደግሞ የዱላው ኃይል በሙሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፍና ኳሶቹ የሚቀመጡበትን ኩባያ ያበላሸዋል። አዲስ ሽብልቅ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው፤ የራሌው ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን 9 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። ሁለቱ ሽብልቆች የሚገቡት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ በአንድ በኩል ከገቡ ክንዶቹ ቀጥ ብለው አይገጥሙም፣ ብስክሌቱም ያነክሳል። ጠፍጣፋ ፊታቸው በሞረድ ይስተካከላል። ዳዶው ሽብልቁን መጎተቻ ሳይሆን እንዳይወጣ መያዣ ነው፤ ሽብልቁ በመዶሻ ከገባ በኋላ ይጠብቃል፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳም ደግሞ ይታያል።

ከዚያ ውስጥ ያለው የመሐል ኩሽኔታ ሌላ ወጥመድ አለው። በእንግሊዝ ሥርዓት በተሠሩት ላይ የቀኙ ኩባያ ጥርስ (እንደ ብሎን የሚዞርበት ጠመዝማዛ መስመር) የተገለበጠ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። በጣሊያን ሥርዓት በተሠሩት ግን የሁለቱም ጥርስ እንደማንኛውም ብሎን ነው። የቀዳዳው ስፋት ይለያቸዋል፦ የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙ ወደ 34.8 ሚሊ ሜትር። ይህን ሳይለኩ በረጅም ቁልፍ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። የግራ ፔዳልም እንዲሁ የተገለበጠ ነው። ክብደት ዘንጉን ቀዳዳው ውስጥ ዙሪያውን እየገፋ ስለሚያንከባልለው፣ ጥርሱ ባይገለበጥ ኖሮ በመንዳት ብቻ እየላላ ይወጣ ነበር።

የብዮቹ (የኩሽኔታው ትንንሽ የብረት ኳሶች) ቁጥር በተለመዱት ላይ እንዲህ ነው፦ በመሐል ዘንጉ በያንዳንዱ ጎን ሩብ ኢንች የሆኑ 11፣ በኋላ ሞዞ (የጎማው እምብርት) በያንዳንዱ ጎን ሩብ ኢንች የሆኑ 9፣ በፊት ሞዞ በያንዳንዱ ጎን 3/16 ኢንች የሆኑ 10። ከተቀየሩ ሁሉም አብረው ይቀየሩ። አንድ ጠፍቶ በሌላ መጠን ከተተካ ትልቁ ብይ ሸክሙን ብቻውን ይዞ ይሰነጠቃል፣ ብዮቹ የሚዞሩበትን ኮንም ይቦረቡራል። ሞዞው ተገጥሞ ሲያልቅ ጎማው በጎን ሲነቀነቅ መወዛወዝ የለበትም፤ ለቀቅ ሲደረግ ደግሞ ከባዱ ክፍሉ በራሱ ዞሮ ከታች መቆም አለበት። ጣና ዳር ወስዶ እስከ ሞዞው ውኃ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ይህን ሁሉ ልፋት በአንድ ቀን ገደል ይከተዋል።

ሰንሰለቱ በማስመሪያ ይፈተሻል። አዲስ ሰንሰለት ላይ 12 ሙሉ ጥማዶች (እያንዳንዱ ጥማድ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ዓይን ነው) ልክ 12 ኢንች ናቸው። ርዝመታቸው 12 ከ1/8 ከደረሰ ሰንሰለቱ ይቀየር፤ ካልተቀየረ የኋላውን ጥርስ ይበላዋል። የሐይቁ ዳር አሸዋ ዘይት ከበዛበት ሰንሰለት ጋር ሲገናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚሞርድ፣ ከተቀባ በኋላ ላዩ በጨርቅ መጠረግ አለበት።

የዘንግ ፍሬን ጎማዎች ቸርኬውን (ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ቀለበት) የሚይዙት ከውስጥ፣ ከሞዞው በኩል ነው። ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃዋል። የተለበጠ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ እጅግ ይደክማል፤ ይህ የጥገና ጉድለት አይደለም፣ ሐምሌና ነሐሴ ፍሬን ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው።

ካላማደሪያ ሲለጠፍ የሚደርሰው ስሕተት ችኮላ ነው፤ ማስቲሹ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ካልቆየ ልጣፊው ይነሳል። ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የሚያገናኙት ሽቦዎች ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ናቸው፤ ጎማ ሲቀና የአንዱ ሽቦ ማጥበቂያ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም።

በቀለም ጉዳይ ጠጋኞች አይስማሙም። አንዳንዱ ሁሉን ፍቆ አዲስ ይቀባል። የፋብሪካው ምልክትና ወርቃማ መስመሩ ካለ ግን አሮጌውን በዘይት ጨርቅ ማጽዳት ይሻላል፤ የዛገ ልባጭም በአሉሚኒየም ወረቀትና በውኃ ሲፈተግ አብዛኛው ይለቃል። ባለ ሦስት ማርሽ የሆነው የራሌ ሞዞ ግን በግራሶ አይሞላም፤ በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ግራሶ ከገባበት ውስጡ ያሉት ትንንሽ መያዣዎች ተጣብቀው ሲነዳ ፔዳሉ በባዶ ይዞራል።