ከቴሲስ ወደ ጆርናል፦ በቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ዘንድ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ናሙናው 422 ከሆነ በቂ ነው»

ይህ ቁጥር በአገራችን ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ቴሲስ ወይም የመመረቂያ ጥናት ውስጥ በጣም ይደጋገማል። የሚጠናው ነገር ምጣኔ 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲያዝ ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ይሆናል። ጥናቱ የሚሠራው ከቻርት፣ ማለትም ከሕሙማን የሕክምና መዝገብ ከሆነ ግን ቻርት መጠይቅ አይደለም። የሚያጋጥመው የጠፋ ወይም በቅጡ ያልተሞላ ቻርት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ 20 ወይም 30 ቻርት ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ ስንቱ እንደተሟላ ማየት ያስፈልጋል።

በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንጀት መዘጋት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 600 ሕሙማን ናቸው እንበል። በጠቅላላው ቁጥር ሲስተካከል 384 ወደ 235 ይወርዳል። ከ600ው 30 ሞተው ከሆነ ግን በ235ቱ ውስጥ የሚገኙት 12 ያህል ብቻ ናቸው። በ12 ሞት ላይ አሥር ተለዋዋጮችን በአንድ ሪግሬሽን (የተለዋዋጮችን ግንኙነት የሚለካ የስታቲስቲክስ ትንተና) ውስጥ ማስገባት የሚታመን ውጤት አይሰጥም፤ ልምድ ያለው የጆርናል ገምጋሚም ቶሎ ያየዋል። ጉልበት ካለ 600ውንም ቻርት ማየት ነው የሚሻለው።

«የቆየ ቻርት ስለሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል፤ ያውም መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት። ኮሚቴው የሕሙማኑን የፈቃድ ፊርማ ሊያስቀር ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ኮሚቴው ራሱ ነው። ጆርናሎች የኮሚቴውን የፈቃድ ደብዳቤ ቁጥር ይጠይቃሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃድ ማግኘት ደግሞ አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ብዙ ጥሩ ሥራ እዚህ ላይ ቀርቷል።

«ኬዝ ሪፖርት ላይ ዓይኑን በጥቁር መሸፈን ይበቃል»

ስለ አንድ በሽተኛ በሚጻፍ ሪፖርት ፎቶ ላይ ይህ አይበቃም። ሰው በአፍንጫው፣ በጠባሳው፣ በንቅሳቱ ይለያል። በሽተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ የጽሑፍ ፈቃዱን መቀበል ያስፈልጋል፤ ከወጣ በኋላ በስልክ ማፈላለግ ከባድ ነው።

«ኦፕሬሽኑን የሠራው ሰርጀን ደራሲ ነው»

የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያላሟላ በምስጋና ክፍል ይጠቀሳል። የስሞቹን ቅደም ተከተል ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ መስማማት ያሻል።

«ገንዘብ ከሌለ ጥሩ ጆርናል ላይ አይወጣም»

ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ምድብ ሀ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲላክ መቅረብ አለበት፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አብዛኞቹ አይቀበሉም። «በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ደግሞ ገንዘብ ከመላክ በፊት ጆርናሉን በዶአጅ (DOAJ፣ በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ) ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ነው።