የህንድ ተማሪዎች በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች

ህንዳውያን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አውሮፓ መሄድ የጀመሩት በቅኝ ግዛት ዘመን ሲሆን፣ መዳረሻቸውም በአብዛኛው እንግሊዝ ነበረች። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን የገቡት ሕግ ሊማሩ ነው፤ ኮርኔሊያ ሶራብጂም በዓመቱ ኦክስፎርድ ገብተው በዚያ ሕግ ያጠኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ጀርመንን የመረጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ኋላ የህንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዛኪር ሁሴን፣ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በርሊን ነው። ዛሬም ብሪታንያ ብዙውን ተማሪ ብትወስድም፣ ጀርመን ውስጥ ከ2022/23 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ህንዳውያን ቻይናውያንን በልጠው ከውጭ አገር ተማሪዎች በቁጥር ቀዳሚ ሆነዋል፤ በተከታዩ ዓመት 49,000 ገደማ ደርሰዋል።

ዋናው መስህብ ክፍያ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ ከሚሰበሰብ መዋጮ በቀር የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለችው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። ሆኖም «ነጻ ትምህርት» የሚለው አባባል ያሳስታል፤ ቪዛ ጠያቂው የዓመት መኖሪያ ገንዘቡን ብዙውን ጊዜ ብሎክድ አካውንት በሚባለው ሂሳብ አስቀድሞ ማስገባት አለበትና። ይህ ገንዘብ በ2024 መስከረም ወር 11,904 ዩሮ የደረሰ ሲሆን፣ ተማሪው ጀርመን ከገባ በኋላ በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ብቻ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የህንድ ተማሪ ለቪዛ ከማመልከቱ በፊት የትምህርት ማስረጃውን ኤፒኤስ በተባለው ጽሕፈት ቤት ማስመርመር ይጠበቅበታል። ከዚያ ደግሞ የነጥብ ልወጣው አለ። በጀርመን ከፍተኛው ውጤት 1.0፣ ማለፊያው 4.0 ስለሆነ (ከእኛም ልማድ ተገላቢጦሽ ነው) ዩኒቨርሲቲዎች «የባቫሪያ ቀመር» በሚባለው ስሌት ይጠቀማሉ፤ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ተማሪው ያገኘው ይቀነስና ልዩነቱ በከፍተኛውና በማለፊያው ነጥብ መካከል ላለው ርቀት ተካፍሎ በሦስት ይባዛል፣ ከዚያ አንድ ይጨመርበታል። ከ10 ነጥብ 8 ያመጣ ተማሪ፣ የተማረበት የህንድ ዩኒቨርሲቲ ማለፊያ 4 ከሆነ 2.0፣ 5 ከሆነ ግን 2.2 ያገኛል። ማለፊያው ዝቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን መጥቀሙ ግራ ያጋባል፤ ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም የተሻለ ስለሚጠይቁም ይህች ክፍልፋይ ትልቅ ዋጋ አላት።

ተማሪው ከ2024 ጀምሮ በዓመት እስከ 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ሲመረቅም ሥራ እንዲፈልግ እስከ 18 ወር የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። ማስተርሱን በእንግሊዝኛ የጨረሰ ሰው ግን ብዙ ቀጣሪዎች ጀርመንኛ እንደሚጠይቁት የሚያውቀው በዚያን ጊዜ ከሆነ፣ 18ቱ ወራት ቋንቋውን ለመማርም ሥራ ለማግኘትም አይበቁትም።