«ሼልተር ኢን ፕሌስ» ምንድን ነው? በሩን መዝጋት ግማሹ ብቻ ነው

«ሼልተር ኢን ፕሌስ» ማለት መርዛማ ጋዝ ሲያመልጥ ባሉበት ቤት ገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የጋዙ ደመና እስኪያልፍ መቆየት ነው። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ኬሚካል አደጋ ሲያወራ «ሼልተር ኢን ፕሌስ የሚሉት ባለስልጣኖቹ ሰውን ማስወጣት ሲያቅታቸው ነው፣ ጋዝ እየመጣ ቤት ቁጭ ማለት ታፍኖ መሞት ነው» ሲል ሰማሁት። ይሄን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ፣ እስከዛሬ አልፌዋለሁ፣ አሁን ግን ይሄን አምኖ በሩን ከፍቶ ደመናው ውስጥ የሚሮጥ ሰው ይኖራል ብዬ ስለምሰጋ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ውዥንብሩ ከየት እንደመጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንትራ ኮስታ የሚባል ነዳጅ ማጣሪያና ኬሚካል ፋብሪካ የበዛበት ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አለ። የዛ ሰፈር ሰው በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሳይረን ሲሞከር እየሰማ ነው ለዓመታት የኖረው፣ የተማረውም ሦስት ነገር ነው፦ ግባ፣ ዝጋ፣ አዳምጥ። ለሰዓታት የሚሆን ነገር ነው እንግዲህ። ከዛ በማርች 2020 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ኮቪድ መጣና ይሄው ካውንቲ ከሌሎች 5 ጎረቤት ካውንቲዎች ጋር ሆኖ ሰው ለሳምንታት ከቤት እንዳይወጣ ሲያዝ ትዕዛዙን በዚሁ ስም ጠራው። በኮቪዱ ትርጉም መስኮት መክፈት ጥሩ ነገር ነው፣ በኬሚካሉ ትርጉም ደመናው እያለፈ መስኮት መክፈት ሰው ይገድላል። አንድ ስም ለሁለት ተቃራኒ ነገር ዋለ፣ ሰዉ ደግሞ የያዘው የኮቪዱን ነው።

አሁን ቤታችሁን ጎኑ በመርፌ የተበሳሳ ባዶ ጀሪካን አድርጋችሁ አስቡት። ክዳኑን ዘግታችሁ ጎርፍ ውስጥ ብትነክሩት ውሃ ይገባዋል፣ ግን ቀስ እያለ ነው የሚገባው፣ ጎርፉ ቶሎ ካለፈ ሳይሞላ ይተርፋል። ጋዝ የማያስገባ ቤት የለም፣ በበር ስር፣ በመስኮት ጠርዝ፣ በሶኬት ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል፣ ጥያቄው በምን ፍጥነት ነው። ደህና የተዘጋ ቤት በሰዓት የአየሩን ግማሽ ያህል ከውጭው ጋር ይቀያየራል ብለን ብናሰላ፣ ደመናው ከደረሰ ከ15 ደቂቃ በኋላ ውስጥ ያለው የጋዝ መጠን የውጭው 12 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 39 በመቶ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 63 በመቶ ይደርሳል። ማለትም ግድግዳው አያድንም፣ ጊዜ ነው የሚገዛላችሁ። ኤሲ ወይም ቬንቲሌተር ካልጠፋ ግን ጀሪካኑ ላይ ፓምፕ ገጥማችሁበታል፣ በር መዝጋታችሁ ዋጋ የለውም። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ገብታችሁ የበሩን ስር በእርጥብ ፎጣ ከወተፋችሁት ደግሞ ጀሪካኑ ውስጥ ሌላ የታሸገ ጠርሙስ ጨመራችሁ ማለት ነው።

«አየር አልቆ እንታፈናለን» የሚለውን ፍርሃት እረዳዋለሁ፣ የአሜሪካ መመሪያዎች ግን ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ካለ የታሸገ ክፍል እስከ 5 ሰዓታት ድረስ ያቆያል ነው የሚሉት። ከመሬት በታች ወዳለ ክፍል (ቤዝመንት) ግን አትውረዱ፣ እሱ የአውሎ ነፋስ ትምህርት ነው። ክሎሪን ከአየር 2 ከግማሽ እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው የሚተኛው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር። ጎርፉ ካለፈ በኋላስ? ጀሪካኑ ውስጥ የገባው ውሃ እኮ እዛው ነው ያለው፣ ሲገባ ቀስ እንዳለው ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው። በዛው ስሌት ውጭው ከጠራ ከ1 ሰዓት በኋላ እንኳ ውስጥ የገባው ጋዝ 61 በመቶው አለ። በዚህ ሰዓት መርዙ ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ ንጹሁ አየር ውጭ ነው፣ ሰዉ ግን «ቤት ቆዩ ተብያለሁ» ብሎ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ክዳኑን መክፈት አለባችሁ፣ መስኮቱን በሙሉ በርግዳችሁ፣ የጠፋውን ቬንቲሌተር አብርታችሁ፣ ራሳችሁ ውጭ መውጣት ነው። ይሄ ካልተደረገና ሰውየው እዛው ከቆየ በመጨረሻ የሚተነፍሰው ጠቅላላ መጠን ውጭ ቆሞ ደመናው ካለፈበት ሰው ጋር እኩል ይሆናል፣ በሂሳብ ማሳየት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሙያው ነገር ሆኖብኝ ሁለት ነገር ካልጨመርኩ አያስችለኝም። አንደኛ፣ ጠቅላላው እኩል ቢሆንም ጉዳቱ እኩል አይደለም፣ እንደ ክሎሪን ያሉ ጋዞች አየሩ ውስጥ ያላቸው ክምችት እጥፍ ሲሆን ጉዳታቸው ከእጥፍ በብዙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ያንኑ መጠን በስሱ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ባንዴ ከመማግ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ክሎሪንና አሞኒያ ግድግዳና ጨርቅ ላይ ስለሚይዙ ውስጥ ያለው መጠን ካሰላነው ያንሳል፣ የጀሪካኑ ምሳሌ እዚህ ጋር አይሰራም።

ተንታኙ «ሩጡ» ነው ያለው። ወዴት? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984 ቦፓል፣ ህንድ ውስጥ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባል መርዝ ከፋብሪካ አምልጦ ሲወጣ ሰዉ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ወጣና ብዙው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ፣ ከደመናው ጋር ሮጠ፣ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከተቀመጠ ሰው በብዙ እጥፍ አየር ይስባል። ቤት ቢቆዩ ሁሉም ይተርፉ ነበር አልልም፣ የብዙዎቹ ቤት ጀሪካን ሳይሆን ወንፊት ነበር። ግን ወዴት እንደሚሄዱ፣ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን እንዳለባቸው እንኳ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ህግ በየአካባቢው የዕቅድ ኮሚቴ እንዲኖር ያስገደደችው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሳት አደጋው፣ ጤናው፣ ሚዲያው፣ ፋብሪካውና የሰፈሩ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ዕቅድ እንዲያወጡና ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲያዩት።

እርግጥ ማስወጣት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚፈነዳ ጋዝ ከሆነ ቤት መቆየት አይታሰብም። ጋዙ ለቀናት የሚፈስ ከሆነም ጀሪካኑ ይሞላል። በ1979 ሚሲሳጋ፣ ካናዳ ውስጥ ፕሮፔንና ክሎሪን የጫነ ባቡር ሲገለበጥ ከ200,000 በላይ ሰው ወጣ፣ አንድም ሰው አልሞተም፣ እኔም ብሆን አስወጡ ነበር የምለው። አፍንጫው ስር ያለ ሰውም ግድግዳው አይበቃውም፤ በ2005 ግራኒትቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና ባቡሮች ተጋጭተው ክሎሪን ሲፈስ 9 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሐዲዱ አጠገብ የነበረው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። የትኛው ኬሚካል፣ ስንት ቶን፣ ስንት ሜትር ድረስ ማን ይወጣል፣ ከዛ ወዲያ ማን በሩን ይዘጋል የሚለው ደመናው መጥቶ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ሌሊት ነፋሱ ሲረጋ ጋዙ ሳይበተን ሩቅ እንደሚሄድ እንኳ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

አንድ ልምምድ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ነው፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ መምህራኑ በ3 ደቂቃ በሩንም መስኮቱንም ዘጉ፣ ልጆቹ ፎጣውን ራሳቸው አርጥበው ወተፉ፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ጣሪያው ላይ ያለው ትልቁ ቬንቲሌተር ግን እየሰራ ነው፣ ማጥፊያው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ያለው የጥገና ሠራተኛው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ በዛ ቀን ፈቃድ ላይ ነበር። 20 ደቂቃ ሙሉ ፓምፑ ሲስብ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ቁልፉን በሁለተኛው ቀን በሦስት አባዝተን ሰጠናቸው።

የባሰው ግን ማታ የአደጋ ዕቅዱን ሳገላብጥ ያየሁት ነው። «ግቡ፣ ዝጉ» የሚለው መልዕክት በአራት ቋንቋ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ «ክፈቱና ውጡ» የሚል ግን በአንዱም ቋንቋ የለም። እዛው ቁጭ ብለን ጻፍነው፦ «ደመናው አልፏል። አሁን በርና መስኮት ሁሉ ክፈቱ። ቬንቲሌተር አብሩ። ቤቱ እስኪናፈስ ውጭ ቆዩ። ብቻቸውን ያሉ ጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩ።»