አሜሪካ ለገባ አዲስ ሰው፦ ስለ ሕክምና የሚወራውና እውነታው

አዲስ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሲገባ ምክር የሚሰጠው አያጣም። የሥራው ምክር ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። የሕክምናው ግን ግማሹ ወሬ ነው፤ ታሞ ቤቱ የሚተኛ ሰው የሚበዛውም በዚሁ ወሬ ነው።

«ኢንሹራንስ ከሌለህ ሆስፒታል አያስገቡህም»

አገር ቤት «መጀመሪያ ዲፖዚት አስይዙ» መባል የለመደ ሰው ይህን ቢያምን አይገርምም። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ አለ። ከሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን ከሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ጋር የሚሠራና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ የመጣውን ሰው መመርመርና ከአደጋ እስኪወጣ ማከም አለበት። ገንዘብ አለህ ወይ፣ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ መመለስ አይችልም። ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ቢሉ ኋላ ይመጣል።

ሕጉ የስኳርና የደም ግፊት ክትትልን አይጨምርም። ለዚያ ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉ ክሊኒኮች አሉ። ክፍያቸው እንደ ገቢዎ ነው፤ መክፈል አልቻሉም ብለው አይመልሱዎትም።

«ቢል ከመጣ መክፈል ብቻ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ፣ የመጣው ወረቀት እውነት ቢል ነው? ኢንሹራንስ ካለዎት ኩባንያው ሐኪሙ ስንት እንደጠየቀና እሱ ስንት እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ ይልካል። አናቱ ላይ «ዲስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል» (ይህ ቢል አይደለም) የሚል ጽሑፍ አለው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚደነግጥ ስንት ሰው አለ!

እውነተኛ ቢል ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ይጠይቁ። ያላገኙት አገልግሎት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የክፍያ እርዳታ እንዲኖራቸው በፌደራል ሕግ ይገደዳሉ። ከታከሙ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። ሆስፒታሉን «ፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም» ብለው ይጠይቁ። በእኔ እምነት ፎርሙን ሳይሞሉ ቢሉን በክሬዲት ካርድ መክፈል ትልቅ ስህተት ነው። የሆስፒታሉ ዕዳ የባንክ ዕዳ ይሆናል፣ ወለዱም ይጀምራል።

«ግሪን ካርድ ያዥ 5 ዓመት ኢንሹራንስ አያገኝም»

ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ነው። 5 ዓመት የሚያስጠብቀው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ ነው፤ እሱም በአብዛኛው አዋቂዎችን። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ጥበቃውን ያነሱ ስቴቶች ብዙ ናቸው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በዲቪ የገባ ሰው ደግሞ በስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ መግዛት ይችላል። ቀነ ገደቡ ከገባ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ካለፈ ኖቬምበር 1 የሚከፈተውን ምዝገባ መጠበቅ ነው፤ ሽፋኑም የሚጀምረው በአዲሱ ዓመት ነው።

«ቶሎ ለመታከም ኢመርጀንሲ መሄድ ይሻላል»

አይሻልም። እዚያ ቀድሞ የሚገባው የባሰበት እንጂ ቀድሞ የመጣው አይደለም። ለጉሮሮ ሕመም ወይም ለወለምታ ኧርጀንት ኬር፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ክሊኒክ፣ ይበቃል፤ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። ደረት ከጨመደደ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከሰነፈ ግን ወዲያው 911።

«ልጄ ታስተረጉምልኛለች»

ስለ ማሕፀን ምርመራ የ12 ዓመት ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም አስቡት። ልጅቷም ታፍራለች፣ እናትየውም ግማሹን ትደብቃለች። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድለትም። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው በስልክ ወይም በስክሪን ነው የሚመጣው። ቀጠሮ ሲያስይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር» ብለው ያስመዝግቡ፤ ስምዎ ሲጠራም ደግመው ይጠይቁ።